ሳይጠየቅ የተቃና ፊደል

ሊፍቱ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። መብራቱ አለመጥፋቱም አንድ ነገር ነው። ንቢት የያዘችውን ትልቅ ፖስተር ግድግዳው ላይ አስደግፋ የአደጋ ጥሪውን ቁልፍ ተጫነች። ደጋግማ ተጫነች። በመጨረሻ በጡጫ ነረተችው። ሊፍቱ እቴ፣ ንቅንቅም አላለ።

«ምን ነበረበት በደረጃው ብወጣ!» አለች ለራሷ።

ንቢት ስትባል መጠሪያ ስሟ እንዳይመስላችሁ። የምትሠራው ማተሚያ ቤት ነው። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ላላት ሁሉ «ፊደል ነዳፊ ነኝ» ስለምትል፣ የቀለም ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ጓደኛዋ አንድ ቀን «ነዳፊ ከሆንሽማ ንብ ነሽ» አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ አለቃዋ ሳይቀር ንቢት ነው የሚላት። ሥራዋ እውነትም የፊደል ቅርጽ መንደፍ ነው። መጽሐፍ የሚታተምበትን ጨዋውን ፊደል አይደለም፤ ጌጠኛውን ነው። ለፖስተር፣ ለሱቅ ሰሌዳ፣ ለከረሜላ መጠቅለያ የሚሆነውን፣ መንገደኛውን ከሩቅ «ና ወዲህ!» ብሎ የሚጠራውን። የድሮ ፖስተር ካየች ደግሞ ምሳ መብላቷንም ትረሳለች።

ከላይ በኩል ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ተሰማ። የበሩ ግማሽ ተከፈተና የአምስተኛው ፎቅ ወለል ላይ በደረቱ የተኛ ወጣት ፊቱን ብቅ አደረገ። ጉንጩ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል።

«አይዞሽ፣ እጅሽን ስጪኝ» አላት።

«እጄ ይደርሳል። መጀመሪያ ፖስተሩን ተቀበለኝ። እንዳታጨማድደው!»

እስከ ዛሬ ከሊፍት ያወጣቸው ሰዎች ሁሉ «አድነኝ» እንጂ «ወረቀቴን ተቀበለኝ» ብለውት ስለማያውቁ ፈገግ አለ። ፖስተሩን ሳበው፣ ዘረጋው፣ አየው። አዲስ የሚከፈት ጫማ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ «ዛሬ ይከፈታል!» ይላል፣ በትልልቁ። የወጣቱ ፈገግታ እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ።

ንቢት አንድ እግሯን የእጅ መደገፊያው ብረት ላይ አቁማ፣ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። የሚይዛት ጠፋ።

«ሄሎ! እኔም እዚህ አለሁ እኮ!»

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«አውጣኝና እነግርሃለሁ!»

«ማን ነው የጻፈው?» አለ እንደገና፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በቃህ?»

«ውሸትሽን ነው።» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ይሄ የአባቴ ፊደል ነው። አባቴ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።»

ንቢት ክው አለች። እግሯ ከብረቱ ላይ ሸርተት አለና የሊፍቱ ወለል ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

እንግዲህ የተዋወቁት እንዲህ ነው። ሌላው ሰው በሰርግ ቤት፣ በጓደኛ ልደት ይተዋወቃል፤ እነዚህ ሁለቱ አንዱ ከላይ አንዷ ከታች ሆነው፣ ሁለቱም ደንግጠው። ቆይቶ ወጣቱ ወደ ልቡ ተመለሰና ጎትቶ አወጣት። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ነገሩን ነገረችው።

መሃል ከተማ የነበረው አሮጌ ሲኒማ ቤት ሊፈርስ ሰሞን፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የድሮ የፊልም ፖስተሮች ተደርድረው አገኘች። ትልልቅ ሰሌዳ ላይ በብሩሽ የተሠሩ ናቸው፤ የሚያለቅሱ ሴቶች፣ ሽጉጥ የደቀኑ ወንዶች፣ ከበላያቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ፊደል! ወፍራም ሆኖ የሚወዛወዝ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ የሚጨፍር። ፎቶ አነሳቻቸው። ከፎቶው እያየች አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነደፈቻቸው። በፊልም ርዕስ ውስጥ ያልገቡ፣ ፖስተሮቹ ላይ የሌሉ ፊደሎችም ነበሩ፤ እነሱን በግምት ሞላቻቸው። የሠፈሩን ሰው «እነዚህን ማን ነው የሠራቸው?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ሠዓሊው ነዋ!» አሉ። እሷም ፊደሉን «ሠዓሊው» ብላ ሰየመችው። ዓመት ሳይሞላው ከተማውን አጥለቀለቀው፤ የዳቦ ከረጢቱ ላይ እሱ፣ የአውቶቡሱ ጎን ላይ እሱ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። አላየሁትም» አለ ወጣቱ። ፖስተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። «ልጅ ሆኜ ሲጽፍ አየው ነበር። አዝሎኝ ነው የሚጽፈው። በትከሻው ላይ አሻግሬ ፊደሉ ከብሩሹ ሲወጣ አያለሁ። ሰማያዊ ሸሚዝ ነበረው፤ ነጭ ቀለም ተረጭቶበታል። ነጠብጣቡን በጣቴ ልፍቅ ስል… ሌላ ነገር ከልጅነቴ ብዙ አላስታውስም። እሱን ግን አስታውሳለሁ።»

ንቢት አንገቷን ደፋች። ሰው እንዲህ ሲናገር አጠገቡ መቀመጥ ራሱ ያሳፍራል።

ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ሕንፃ ሊፍት ያገኘውን እንክብካቤ የትኛውም ሊፍት አላገኘም። ወጣቱ በምሳ ሰዓት ብቅ ይላል፤ የመፍቻ ሳጥኑን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ያስቀምጣል። «ሊፍቱን ላየው መጥቼ ነው።»

«ሊፍቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ የለም» ትለዋለች ንቢት።

የቀለሟ ጓደኛዋ ከማሽኑ ጀርባ ትስቃለች። «ተይው እንጂ! ደህናው ሊፍት እንኳ ይህን ያህል ከታየ የታመመውማ አልጋ ይዞ ነበር!»

ንቢት ፊደሎቹን በስክሪኑ ላይ እያተለቀች ታሳየዋለች። አንድ ቀን፣ ኩራት ቢጤም እየተሰማት፣ ስላስተካከለችው ነገር ነገረችው። ፖስተሮቹ ላይ የፊደሎቹ እግር ጫፍ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ግን ሰያፉ ሁሉ ወደማይሆን አቅጣጫ ነበር። በብሩሽ የሚጽፍ ሰው መስመሩን ሲጨርስ ጫፉን ወዲህ ነው የሚቆርጠው፤ ይሄ ወዲያ ሆኗል። «ሰሌዳው በእርጥበት ተጣሞ ይሆናል፣ ወይ ቸኩሎ ይሆናል ብዬ ሁሉንም አቃናኋቸው» አለች። «ከሁለት መቶ በላይ ፊደል፣ እግር በእግር!»

«እጅሽ ይባረክ» አላት። ስክሪኑን እያየ አልነበረም።

የቀለም ማሽኑ ይንገጫገጫል።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ በመጨረሻ። «ሊፍቱ ምንም አልሆነም። የምመጣው አንቺን ለማየት ነው።»

«እኔም እውነቱን ልንገርህ? ባለፈው ሳምንት ‹ሊፍቱ ቆመ› ተብሎ ሁለቴ የተጠራኸው በኔ ነው። በሩ መሃል ማስቲካ ለጥፌ።»

ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያንን ማስቲካ ለማስለቀቅ ሙሉ ከሰዓቱን በሆዱ ተኝቶ ሲፍቅ እንደዋለ ትዝ አለው። ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፣ ማሽኑም ቆመ፤ ጓደኛዋ የሚሉትን ለመስማት አጥፍታው ነበር።

ፍቅራቸው ለጋብቻ ሲደርስ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እናቱ። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በስፌት መኪናቸው ብቻቸውን አሳድገውታል። ሠፈር ውስጥ «የሠዓሊው ሚስት» ነው የሚባሉት። «እሷ እሺ ካላለች የለሁበትም» አላት ወጣቱ በግልጽ። «ከሷ ሌላ ማንም የለኝም። ግን ትወድሻለች፣ ታያለሽ። የአባቴን ፊደል ከሞት ያስነሳሽ ልጅ!»

ንቢት ባዶ እጇን አልሄደችም። በዚያው ፊደል፣ በሁለት ቀለም፣ ምርጥ ወረቀት ላይ አንድ ፖስተር አተመች፤ ጓደኛዋ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀላቅላ ነው የወደደችው። አስጠቅልላ፣ ሪባን አስራበት ወሰደችው።

እናትየው በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ አቀፏት፣ ጉንጯን ሳሟት። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ! እንዴት ነው ያሳመረሽ!» ቤቱ በጨርቅ የተሞላ ነው፤ ወንበሩ ላይ እጅጌው ያልተሰፋ ኮት፣ ጠረጴዛው ላይ የመርፌ ትራስ። ወጣቱ ደስታው ከፊቱ ሞልቶ ይፈሳል። «እማዬ፣ የምታሳይሽ ነገር አላት» አለ።

እናትየው ሪባኑን ፈቱ። ፖስተሩ ላይ በትልልቁ «የሠዓሊው ቤት» ይላል።

ፊታቸው አመድ መሰለ። አንዴ አነበቡት። ከዚያ ፊደሎቹን ታች ታች፣ እግር እግራቸውን፣ በጣታቸው እየተከተሉ አዩ።

«ማን ነው እንዲህ ያጣመመው?» አሉ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እማማ» አለች ንቢት። «ከባለቤትዎ ፖስተሮች ላይ…»

«ከባለቤቴ!» ሳቁ፤ ግን ሳቅ አልነበረም። ወረቀቱን ቀስ አድርገው ጠቀለሉት፣ ሪባኑን መልሰው አሰሩትና እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ስለመጣሽ አመሰግናለሁ ልጄ። ይሄን ይዘሽልኝ ሂጂ። ተመልሰሽም አትምጪ።»

«እማዬ!» አለ ወጣቱ። እሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ።

ንቢት ሰማይ የተደፋባት መሰላት። የመጣችበትን መንገድ እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም፤ የግራና የቀኝ ጫማዋን አቀያይራ አድርጋ መሄዷን ያየችው እቤት ስትደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሊፍቱን ሊያይ የመጣው አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ነው። ወጣቱ የሕንፃውን ፈረቃ ለሱ ለቆለታል። ንቢት ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፤ መልሳ ታቀረቅራለች። ሆድ ባሳት። ጓደኛዋ እንኳ መቀለድ ተወች።

አንድ ቀን ስልኳ ጮኸ።

«እንዴት ነሽ?»

«እንዴት እሆናለሁ?»

«እማዬ ምን እንዳስቀየማት አትነግረኝም። ስጠይቃት ታለቅሳለች። እህል በአግባቡ አትቀምስም። እሷን አስለቅሼ አንቺን አላገባም። አንቺን ትቼ ደግሞ… ምን ልሁን በይኝ?»

ስልኩን የዘጋው ማን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም።

በማግስቱ ንቢት ወደ አለቃዋ ቢሮ ገባችና «ሠዓሊውን ላጠፋው ነው። ከዛሬ ጀምሮ አናትምበትም» አለችው።

አለቃዋ መነጽሩን አወለቀ። «አመመሽ? ከተማው የሚናገረው በዚህ ፊደል ነው!»

«የሰው ሬሳ ቀስቅሼ ነው የሠራሁት። ቤተሰቡን ሳልጠይቅ።»

«ካጠፋሽው ሥራሽንም አብረሽ አጥፊው!»

«እሺ» አለች። አለቃዋ «እሺ» ትለኛለች ብሎ አልጠበቀም ነበርና መነጽሩን እንደያዘ ቀረ።

በቀጥታ እናትየው ቤት ሄደች። አትምጪ መባሏን አልረሳችም። የሆነው ይሁን፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ አልቀርም ብላ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። እናትየው ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግተው ሊቆርጡ ምልክት እያደረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ አላባረሯትም፣ ተቀመጭም አላሏት።

«ላስቸግርዎ አልመጣሁም» አለች ንቢት በሩ ላይ እንደቆመች። «ፊደሉን እንደማጠፋው ልነግርዎ ነው። ሟቹን ባለማክበሬ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎን ግን በኔ ምክንያት አይቀየሙት። እሱ ምንም አላጠፋም።»

«የወጣ ነገር ይጠፋል እንዴ?» አሉ። ጠመኔያቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። መስመሩን አሰመሩ፤ ጨርቁ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር እንዳይቀላቀል ዳር ላይ የደንበኛቸውን የስም መጀመሪያ ጻፉ። «ገ» ነበረች። አንዲት ነጭ «ገ»፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ።

ንቢት ያቺን «ገ» አየች። ወፍራም ናት። እግሯ ይወዛወዛል። የእግሯ ጫፍ በሰያፍ ተቆርጧል፤ ሰያፉ ደግሞ ወዲያ ነው፣ ወደማይሆነው አቅጣጫ። ፖስተሮቹ ላይ እንደነበረው፣ እሷ ሳታቃናው በፊት።

ጠመኔው በየትኛው እጅ እንዳለ አየች። በግራቸው ነው።

የበሩን መቃን ያዘች። «ወይ አምላኬ!» አለች። «እማማ… ሰሌዳው አልተጣመመም ነበር። ግራ እጅ ነው። የጻፈው ግራ እጅ ነው!»

የእናትየው ጠመኔ ቆመ።

«ግራኟ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ነዎት የጻፉት!»

ጠመኔውን አስቀመጡት። በመስኮቱ የመኪና ጡሩምባ ይገባል። ከዚያ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስተው «ቁጭ በይ» አሏት።

«ባለቤቴ ፊት ሲሥል አቤት! ዓይን ከሣለ ዓይኑ ያይሻል። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ነው። አንዱ ይወፍርበታል፣ አንዱ ይሰምጥበታል፣ ቃሉ ሳያልቅ ሰሌዳው ያልቅበታል። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሊያባርረው ሲል እየሳቅኩ ብሩሹን ቀማሁት። በጨዋታ ነው የጀመርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ሴት ሠራችው ብለን ብንነግረው ሰውዬው ሰሌዳውን አይሰቅለውም። እቤት እጽፋለሁ፣ እሱ ይወስዳል። መጀመሪያ ሰሞን ‹ዛሬም ፊደልሽን አደነቁት!› እያለኝ ይመጣ ነበር፤ አብረን እንስቃለን። ቀስ በቀስ ‹ፊደሉን አደነቁት› አለ። በኋላ ጭራሽ ማንሳቱን ተወው። ሙገሳ ይለመዳል፣ ልጄ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወደድኩት፣ ዛሬም እወደዋለሁ። ሊሞት ሲል ‹ንገሪያቸው› አለኝ። ግን ለቀስተኛው ሁሉ ስለ ፊደሉ እያነሳ ሲያለቅስ፣ ልጄ ‹አባቴ፣ አባቴ› ሲል፣ በምን አፌ? ዝም አልኩ። ብሩሹንም ተውኩት።» እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ፊደሌን ከተማው ላይ ከሩቅ አይቼው ነበር፤ ማን እንዳወጣው አላወቅኩም። ከዚያ ልጄ የወደዳትን ይዞ መጣ። ደስ ብሎኝ በር ከፈትኩ። የገዛ ፊደሌን እግሩን ሁሉ ገልብጠሽ፣ ‹የሠዓሊው ቤት› ብለሽ ሰጠሽኝ። ምን ልበልሽ? እግዜር ይስጥልኝ?»

ንቢት የምትገባበት ጠፋት። አፍራ ሳታበቃ ከኋላዋ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የመፍቻ ሳጥን ነው። ወጣቱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ፊቱ ላይ ደም የለም።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትይው?»

«የሰማኸውን ነው።»

«አይደለም። አይቼዋለሁ! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አዝሎኝ ሲጽፍ!»

«አባትህ መቼ አዝሎህ ያውቃል?» አሉ እናቱ ቀስ ብለው። «ወገቡን ያመው ነበር እኮ።»

«ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ… ቀለም የተረጨበት…»

«ሸሚዝ አይደለም። ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቀሚሴ ነው። ቀለም መስሎህ በጣትህ ልታነሳው ስትታገል መስመሬን ታጣምምብኝ ነበር። ‹አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተ!› እያልኩህ ነው ያንን ሁሉ ፖስተር የጻፍኩት።»

ስለ ነጠብጣቡ ለእናቱ ነግሯቸው አያውቅም። ለማንም አልነገረም፤ ለንቢት ብቻ ነው። ወጣቱ መፍቻዎቹ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የኖረው አንድ ትዝታ ነበር፤ በዚያ ትዝታ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንደ ልጅ እያለቀሰ «ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ።

የመለሰችለት ንቢት ናት። አጠገቡ በርከክ አለች። «ፊቶቹ የሱ ናቸው» አለችው። «እነዚያ የሚያለቅሱት ሴቶች፣ ዓይኖቻቸው። አባትህ አልተወሰደብህም። ያዘለችህ ሴት ተጨመረችልህ እንጂ።»

በጉልበቱ ተጠግቶ የእናቱን ግራ እጅ ያዘ፤ ጠመኔ ተለቅልቋል። ገለባብጦ አየው። አዲስ ያየው ይመስል ነበር።

እናትየው አፍንጫቸውን አበሱና ወደ ንቢት ዞሩ። «ይልቅ አንቺ፣ እግሩን የገለበጥሽው ለምንድን ነው?»

«የተሳሳተ መስሎኝ… ላቃናው ብዬ…»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

እናትየው አዩዋት። የከንፈራቸው ዳር ሲንቀሳቀስ ንቢት አየች። «ነገ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይ። ሁሉንም ትመልሽዋለሽ። የጎደሉትንም እኔ እጽፍልሻለሁ፤ ያንቺ ግምት አያምርም።»

ንቢት ኮምፒውተሯን ይዛ ሄደች። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። እናትየው ብሩሽ ሲይዙ መጀመሪያ እጃቸው እንቢ አላቸው፤ ያንን ቀን ተናድደው ሦስት ወረቀት ቀደዱ። በሁለተኛው ቀን እሺ አለ። ንቢት በግምት የሞላቻቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ ጻፉላት። እግሮቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ወዲያ ያዘነበለው ወዲያ፣ ያልተቃናው እንዳልተቃና። የፊደሉ ስም ተለወጠ፤ «ግራ እጅ» ተባለ። አለቃዋ አዲሱን አቅርቦ አየው። «አሁን ነፍስ ዘራ» አለና ወንበሯን በእግሩ ወደ ጠረጴዛዋ ገፋላት። ከሥራ መባረሯ በዚያው ተረሳ።

አንድ ነገር ብቻ አልተነሳም። እናትየው «ነገ ነይ» ይላሉ፣ «ይሄን ምግብ ጨርሺ» ይላሉ፣ ስለ ጋብቻ ግን ቃል የለም። ሁለቱም መጠየቅ ፈሩ። አንዴ የተዘጋ በር በስንት መከራ ተከፍቶ፣ ደግሞ ቢዘጋስ?

ፊደሉ ለሕዝብ የሚታይበት ቀን መጣ። ማተሚያ ቤቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናትየው ሊፍት ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ «ሳጥን ውስጥ የምገባው አንዴ ነው» እያሉ ሲሸሹት ኖረዋል። ልጃቸው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ «እማዬ፣ የምጠግነው እኔ ነኝ እኮ! አታምኚኝም?» ብሎ በክንዱ ይዞ አስገባቸው። ንቢት በሌላው ክንዳቸው በኩል ቆመች።

የሊፍቱ ግድግዳ ላይ ፖስተሩ ተሰቅሏል። ከላይ እስከ ታች ፊደል ብቻ ነው፤ ከበላዩ «ግራ እጅ»፣ ከታች የሳቸው ሙሉ ስም። እናትየው አነበቡት። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው እያነበበ ድምፅ አልወጣም። እግር እግሩን በጣታቸው ነኩ። አንዱም አልተገለበጠም።

በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ሊፍቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እናትየው ጮኹ። ወጣቱ ኪሱን ዳበሰ፤ በሙሉ ልብስ መፍቻ አይያዝም። ንቢትን በዓይኑ ጠየቃት።

«እኔ አይደለሁም! ሙት! ማስቲካ ከተውኩ ቆየሁ!»

«ምን ማስቲካ?» አሉ እናትየው። ሁለቱም አቀረቀሩ። እናትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ፍርሃቱ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ። «ደህና ነው። የምታመልጡበት የለም ማለት ነው። መቼ ነው የምትጠይቁኝ?»

«ምኑን እማዬ?»

«ምኑን ይለኛል! እርጅናዬ ሊያልቅ ነው እኮ ስጠብቃችሁ!»

ንቢት ክው ብላ ቀረች። ወጣቱ ከረባቱን አላላ። እናትየው ይህን የመሰለ ድንጋጤ እስኪጠግቡ አዩና በግራ እጃቸው የንቢትን እጅ ያዙ፣ በቀኛቸው የልጃቸውን፤ አንዱን ሌላው ላይ አስቀመጡት።

«ስሚ አንቺ» አሏት። ድምፃቸው ተሰበረ፣ መልሰው አጠነከሩት። «ፊደሌን ማንም ሳይጠይቅሽ አቃናሽብኝ፤ ይሁን፣ አልፏል። ልጄን ግን አደራ እንዳታቃኚው። እንደተጣመመ ውሰጂው።»

የአደጋ ጥሪው ቁልፍ እዚያው አጠገባቸው ነበር። አንዳቸውም አልተጫኑትም።